ሀገር በቀሉን ዛፍ ማን ይጠብቀው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

  

ዛሬ ከወትሮው ለየት ያለ ርእስ ይዘን ቀርበናል። ስለ ዛፍ እንነጋገራለን። ዛፍ ስንል ማንኛውንም ዛፍ ማለታችን አይደለም። አያቶቻችን ሳይተክሉት ያገኙትን፣ እኛ ደግሞ ሳንተካው የቆረጥነውን ሀገር በቀል ዛፍ ማለታችን ነው፤ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ የሐበሻ ጥዱን፣ አስታውን። ከእነሱም ጋር በየጓሯችን ጥግ የነበሩትን አደስን፣ ጤና አዳምን፣ ደማከሴን፣ እንዶድን ማለታችን ነው።

«ምነው፣ የሶላቱና የዘካው ትምህርት አልቆ ነው ወይ ወደ ችግኝ የገባችሁት?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካነ ሰላም አካባቢ ጥቂት ወጣቶች ጥያቄ ላኩልን። ተሰባስበው ሀገር በቀል ችግኝ ሊያፈሉ፣ በመስጂድ ግቢና በቀብር ቦታ ሊተክሉ አስበዋል። ነገር ግን አንዳንድ ታላላቆቻቸው «ወይራ ተክሎ ማን ሊደርስበት ነው? ባሕር ዛፍ ብትተክሉ በአምስት ዓመት ትሸጡታላችሁ» ብለው እንደሳቁባቸው ነገሩን። «ለመሆኑ ይህ ሥራ ከአጅር ይቆጠራልን? በእንዲህ ዓይነት ማኅበር ብንገባስ ከየት እንጀምር?» ሲሉ ጠየቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው ተክሎ ወይም ዘርቶ፣ ከዚያ ላይ ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ከየት እንደምንጀምር ለማወቅ የሀገራችን ዛፍ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማወቅ ይኖርብናል። ስለዚህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ከቁጥሩ በፊት

ስለ ሀገራችን ደን ሲነሳ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሰማነው አንድ ታሪክ አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተጨፍጭፎ ጥቂት በመቶ ብቻ ቀረ» የሚለው ነው። ይህ አኃዝ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሳተሙት ጥናት አኃዙ ጠንካራ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አሳይተዋል። የሰሜኑ ደጋ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታረሰ፣ የተኖረበት ሀገር ነው። ደኑም በአንድ ትውልድ ተመንጥሮ ያለቀ አይደለም።

ወሎን በተመለከተ ደግሞ ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ማለትም ጣልያን ሀገራችንን በያዘበት ዘመን፣ በወሎ የተነሱ ፎቶግራፎችን አገኙ። ከ60 ዓመት በኋላም ፎቶግራፎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሷቸው። አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያስተያዩ የጠበቁት የተራቆተ መሬት ነበር። ያገኙት ግን በብዙ ቦታ ዛፍ በዝቶ እንጂ አንሶ አይደለም።

«ታዲያ ምን ጎደለን?» ትሉ ይሆናል። የጎደለው እዚህ ላይ ነው፤ የበዛው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ የማገዶ ችግር ለበረታባት አዲስ አበባ ተብሎ የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከዚያም በገበሬው እጅ ወደየገጠሩ ተዛመተ። ወሎም ገባ፤ እኛም ዘንድ ደረሰ።

ባሕር ዛፍን ልንወቅስ አልተነሳንም። እውነቱን እንናገር፤ የቤታችን ማገር እሱ ነው፣ የመስጂዳችን ጣሪያ የቆመው በእሱ ነው፣ የስንት ድሀ ልጅ ደብተርና ልብስ የተገዛው ከእሱ ሽያጭ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ባሕር ዛፍ በደጋችን ለምን አሸነፈ? ቅጠሉን ፍየል አይበላውም፣ ላም አትነካውም። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በአጭር ዓመታትም ለማገር ይደርሳል። በአጭሩ ባሕር ዛፍ ጠባቂ አይፈልግም።

ወይራ እንዲህ አይደለም። የወይራ ችግኝ ለፍየል እንደ ሰላጣ ነው። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ የተከለው ሰው ጥላው ሥር ላይቀመጥ ይችላል። ኮሶም፣ ጥድም ሕፃን ሆነው ጠባቂ ይሻሉ። ስለዚህ የሀገር በቀል ዛፍ ታሪክ የመትከል ታሪክ ብቻ አይደለም። የመጠበቅ ታሪክ ነው። ጠባቂ ባለበት ኖረ፤ ጠባቂ በታጣበት ጠፋ። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

«የመንግሥት ዛፍ»

በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ሲያወሩት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ከዚያ መከራ በኋላ ጋራውን መልሶ ማልበስ የመንግሥትና የለጋሽ ድርጅቶች ትልቅ ሥራ ሆነ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ «ምግብ ለሥራ» የተባለው ዘዴ መጣ። አንድ ሰው ለዋለበት ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይታሰብለት ነበር። በዚያ ስንዴ እርከን ተሠራ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ብዙ ተራራም ከከብት ተከለከለ። የተተከለው በብዛት ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነበር። ሥራው በገበሬ ማኅበር በኩል በትእዛዝ ይመራ ስለነበር የት እንደሚተከልና ማን እንደሚቆርጠው ገበሬው አይጠየቅም ነበር።

ደርግ ከወሎ ለቆ በወጣበት ሰሞንና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በእነዚያ ጋራዎች ላይ የደረሰውን በዓይናችን ያየን ነን። ያኔ አሥር ዓመት ቢሞላን ነው። ለስንት ዓመት ጸጥ ብሎ የኖረ ተራራ ከሱብሒ በኋላ በመጥረቢያ ድምፅ ያስተጋባ ጀመር። በየሀገሩ ብዙ የተተከለ ደን በዚያ ሰሞን አለቀ። እኛም የቁርኣን ቤት ጓደኛሞች ሆነን ወጥተናል፤ ቀጫጭኑን ቆርጠን በትከሻችን ተሸክመን ወርደናል። ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር። ማንም «ይህ የሰው ሐቅ ነው» ብሎ አልገሠጸንም። ምክንያቱም ዛፉ በሰው አፍ «የመንግሥት ዛፍ» ነበር፤ «ዛፋችን» ሲባል ሰምተን አናውቅም።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው ያፍረናል። ዛፉን የተከሉት እኮ የራሳችን እናትና አባት ነበሩ! ግን ሰው በስንዴ የቆፈረውን ጉድጓድ የራሱ አድርጎ አላየውም። ጠባቂው ትእዛዝ ነበር፤ ትእዛዙ ሲነሳ ጠባቂው ተነሳ።

በደንብና በስምምነት የኖረ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንመልከት። ከእኛ በስተ ደቡብ በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ስሙ ከሣሩ የመጣ ነው። ጓሳ ሣር የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ጊሳም ከእሱ ይሠራል። የመንዝ ሰዎች ይህን ደጋ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። የርስቱ ባለቤቶች ተሰብስበው አለቃ ይመርጣሉ፤ ደጋው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ጊዜው ሲያበቃም መልሶ ይዘጋል። ደንብ አፍርሶ የገባ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮው ሥልጣን ፈረሰ። ደጋውም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ደንቡን አልረሳውም፤ ኋላ ላይ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ተብሎ ይታወቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። እንግዲህ አነጻጽሩ፤ በትእዛዝ የተተከለው ደን በጥቂት ወራት ተቆረጠ፤ በስምምነት የኖረው ሣር ሥርዓቱ ፈርሶ እንኳ ተመልሶ ቆመ።

ይህ ሥርዓት ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በእስልምና ታሪክ «ሒማ» የሚባል ነገር አለ፤ ለጋራ ጥቅም ሲባል የተከለለ ግጦሽ ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለፈረሶች መከለላቸው ይታወቃል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በረበዛ ሒማ ላይ ጠባቂ ሲሾሙ ምን እንዳዘዙት ቡኻሪ ዘግበውታል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሀ እንዲያስገባ፣ የዑስማን ኢብን ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን መንጋ ግን እንዲከለክል ነበር ያዘዙት። እነዚህ ሁለቱ ሰሓቦች እኮ ከባልደረቦች ሁሉ የተከበሩ ነበሩ! የዑመር ሐሳብ ግን ግልጽ ነበር፤ የእነሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና ተምር አላቸው፤ የድሀው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ይመጣል። ክልል ማለት ድሀን ማባረር አይደለም። ፍትሕ የሌለበት ክልል አጥሩ አይቆምም።

አሁን ወደ ራሳችን ሀገር እንምጣ። መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ። ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው አናቱ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ይገኝበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ተመራማሪዎች የጫካውን ተክል በዝርዝር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናታቸውን አሳትመዋል። በ2001 ዓ.ም. ጫካው በክልሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ኋላም ክልሉ ሰፍቶ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በዓለም ላይ ያለው የቀይ ቀበሮ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። ከእነዚህ ጥቂቶቹ እዚሁ በእኛ ደጋ ላይ ይኖራሉ።

ደንቆሮ የሚለው ቃል የማይሰማ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጫካው ስሙን ይዞ ይኑር። የማንሰማው እኛ እንዳንሆን ግን እንጠንቀቅ። ፓርክ በአዋጅ ይመሠረታል፤ የሚጠበቀው ግን በዙሪያው ባለው ሰው ልብ ነው።

ከትልቁ ጫካ ውጭ ሀገር በቀሉ ዛፍ የት ተረፈ? መልሱን የወሎ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ራቅ ካለ ኮረብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ካየህ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ መስጂድና ቀብር ነው። ሽማግሌዎቻችን የመስጂድን ግቢ «ሐሪማ» ይሉታል፤ የማይደፈር፣ የተከበረ ማለት ነው። በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ቱሉ አውልያ የሚባል ከተማ አለን። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ፣ አውልያ በዐረብኛ የአሏህ ወዳጆች ማለት ነው። አያቶቻችን ኮረብታን ከኸይር ሰዎች ጋር አስተሳስረው ይጠሩ እንደነበር ከስሙ እንረዳለን። እርግጥ ዛፍ አይመለክም፤ ዛፍ ላይ ክር ማሰርም ሆነ ቅቤ መቀባት የተውሒድ ሥራ አይደለም። ዛፍን መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ እሱ አማና ነው።

በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የተደረገው ጥናትም ለእኛ ይጠቅመናል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አድባራት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አስተውለዋል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ተተኪ ችግኝ ይጠፋል። ምክንያቱ ከብት ነው። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር ሆነውም ምእመናኑ ከእርሻቸው በለቀሙት ድንጋይ በደኑ ዙሪያ አጥር እንዲሠሩ አበረታቱ። አጥሩ በቆመበት ችግኙ ከመሬት ብቅ ማለት ጀመረ። የእኛም ቀብር ቦታ ችግር ከዚህ አይለይም። ያረጀው ወይራ ቆሟል፤ ልጁ ግን የለም።

በማኅበር የሚሠራ ሥራ

ሰዎች ተሰባስበው ዛፍ ሲያለሙ የታየበት ታሪክ በጎረቤታችን በኬንያ አለ። ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 በናይሮቢ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዛፎች ተከሉ። ከሰባቱ የጸደቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ የገጠር ሴቶችን በቡድን እያደራጁ ዘር ከየአካባቢያቸው እንዲለቅሙና ችግኝ እንዲያፈሉ አደረጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃታቸው ክፍያው ላይ ነበር። ሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ የሚያገኙት ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀላቸው ችግኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ፤ በ2011 አረፉ። ከእኛው «ምግብ ለሥራ» ጋር አስተያዩት! እኛ ዘንድ ስንዴው የሚሰፈረው ለጉድጓዱና ለዋለበት ቀን ነበር።

በሀገራችንም ምሳሌ አለን። በአዲስ አበባ የቅርስ ባለአደራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሥራ ጀመረ። ዓላማው ተራራውን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት ቀስ በቀስ መተካት ነበር። ብዙ በጎ ፈቃደኞችም በየክረምቱ እየወጡ ተክለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ደግሞ ሀገር በቀል ዛፎቻችን እንዴት እንደሚባዙ ለረጅም ዓመታት ተመራምረው እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ አሳትመዋል። «የሐበሻ ዛፍ በችግኝ ጣቢያ አይበቅልም» የሚለው አባባል እንግዲህ ትክክል አይደለም። ይበቅላል፤ የሚፈልገው የሚያውቅ እጅና ትዕግሥት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በዘመቻው ከመስጂድም ከቤተ ክርስቲያንም ሕዝብ ወጥቷል፤ ያም መልካም ነው። ነገር ግን የችግኝ ዕድሜ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከብቱ አዝመራ ከተነሳበት ማሳ ወጥቶ ሲሰማራ፣ የበጋው ነፋስ ሲደርቅ ማን አለ? ዘመቻ ይተክላል፤ የሚያሳድገው ጎረቤት ነው።

የእኛው ቅሬ

ሌላውን ስንመክር ራሳችንን አንደብቅም። ከዐሥር ዓመት በላይ ይሆናል፤ በምናሰግድበት መስጂድ የውዱእ ማድረጊያ ልናሠራ ገንዘብ አጠረን። ኮሚቴው ተመካክሮ ከቀብሩ ቦታ ሦስት ትልልቅ ወይራ ተሸጠ። እኛም ተስማምተን ፈርመናል። ቆርቆሮው ተገዛ፤ ውሃው መጣ፤ ሰው መረቀን። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ አንዲት ትልቅ እናት ከባለቤታቸው ቀብር አጠገብ ቆመው ጠሩን። «ሸኼ፣ ውዱእ ማድረጊያውን ሠርታችኋል፤ አሏህ ይቀበላችሁ። እንግዲህ ጥላውን የሚመልስልን ማነው?» አሉን።

መልስ አጣን። «እንተክላለን ኢንሻአሏህ» ብለን ሄድን። በክረምቱም ተከልን። ሰው ሰበሰብን፣ ንግግር አደረግን፣ በባዶው ሜዳ ላይ ችግኙን ደረደርነው። መስከረም ሳይጠባ ፍየል ገባበት። የተረፈውንም ጥር አደረቀው። ያን ጊዜ በልጅነታችን የተሸከምነው እንጨት ትዝ አለን። እኛም ያደረግነው ያንኑ ነበር፤ ተከልን እንጂ ጠባቂ አላቆምንም።

በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩን ከመስጂድ ኮሚቴ አውጥተን ወደ ቅሬው ወሰድነው። በወሎ ቅሬ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም፤ ሬሳ የሚያነሳ፣ ቀብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚገባበት ማኅበራችን ነው። ሌላ ቦታ እድር ይሉታል። ቅሬው ተነጋግሮ አራት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ድንጋይ አምጥቶ ቀብሩ ይታጠር። ሁለተኛ፣ ከብቱን ያስገባ መቀጮውን ለቅሬው ሣጥን ይክፈል፤ ባለ ሀብትም ቢሆን አይታለፍ። ሦስተኛ፣ ሣሩ በእጅ ይታጨድ፤ ቅድሚያውም ለመበለትና ለድሀ ይሁን። አራተኛ፣ በበጋ ውሃ የማጠጣቱ ተራ በደረሶቹና በሰፈሩ ልጆች ይያዝ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ የኮሶ ችግኝ ይዘው መጡ።

አተካከሉንም ተማርን። ወይራን በባዶ ሜዳ መትከል ትተን በአጣጥና በቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ተከልን። ቁጥቋጦው ከፀሐይም ከፍየልም ይጋርደዋል። በትግራይ የተደረገ ጥናትም የወይራ ቡቃያ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር እንደሚቀናው አሳይቷል። ዘሩን ቁጥቋጦ ሥር የምትጥለው ፍሬውን የበላች ወፍ ናት። ሐዲሱ ላይ ወፍ ስትጠቀስ አስታውሱ፤ የበላችው ሶደቃ ነው፣ ስትሄድ ደግሞ ራሷ ትተክልልናለች። ኮሶ ግን ፀሐይ ይወዳል፤ እሱን ገለጥ ወዳለው ቦታ አደረግነው። ዛሬ ቀብራችን ጫካ ሆነ አንልም። ወይራዎቹ ገና ወገብ ቢደርሱ ነው። ነገር ግን ያልተከልነው ቡቃያም ከአጥሩ ውስጥ ብቅ እያለ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ለጠየቁን ወጣቶች

እንግዲህ የመካነ ሰላም ልጆቻችን፣ ከየት እንጀምር ላላችሁት የምንላችሁ ይህን ነው። አዲስ ማኅበር ከማቋቋማችሁ በፊት ያለውን ቅሬ አነጋግሩ። ደንብ፣ ሣጥንና የተከበረ ሰው አለው። ከመትከላችሁ በፊት አጥሩንና የበጋውን ተራ ጨርሱ። ዘሩን ከሩቅ አታምጡ፤ ከደጋችሁ፣ ከቆሙት አሮጌ ዛፎች ሥር ልቀሙ፤ ከተከለለ ጫካ ለመልቀም ግን ፈቃድ ጠይቁ። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ሥጋውን አጥባችሁ፣ ፍሬውን ሳትጎዱ ቅርፊቱን በቀስታ ሰንጥቁት፤ ቶሎ ይበቅላል። ኮሶና ጥድ ወንድና ሴታቸው የተለያየ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ብቻ ተክላችሁ ዘር አትጠብቁ። ዋንዛ ለወይና ደጋው እንጂ ለብርዱ ደጋ አይስማማውም። እህቶቻችሁንም አትርሱ፤ አደስ፣ ጤና አዳምና ደማከሴ በማን ጓሮ እንደተረፈ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ምሁራኑን ሂዳችሁ ጠይቁ፣ አታፍሩ።

ባሕር ዛፉንም ንቀሉት አንልም። ለማገሩና ለሽያጩ የራሱ ቦታ ይኑረው። ምንጭ ዳርን፣ መስጂድንና ቀብርን ግን ለወይራውና ለኮሶው እንተውላቸው።

«ማን ሊደርስበት ነው?» ብለው ለሳቁባችሁ ታላላቆችም በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፤ «እናንተ በልጅነታችሁ የተጠለላችሁበትን ወይራ የተከለው ወይም የጠበቀው ሰው ደርሶበት ነበርን?» ሰው ሲሞት ከሚቀጥሉለት ሥራዎች አንዱ ሶደቃ ጃሪያ ነው። ከቀብሩ በላይ ቆሞ ለቀባሪ የሚያጠላ ዛፍ ከዚህ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ያቺ ትልቅ እናት ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አሏህ ይማራቸው። ከባለቤታቸው ጎን ቀበርናቸው። በዚያ በኩል ያለው ወይራ ገና ጥላ አልጣለም፤ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው ዱዓውን ያደረገው። የተበደርነውን ጥላ ገና አልመለስንም። አሏህ ሳንመልስ አይውሰደን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።